ምራቴ ያየችው ደም

ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ ምራቴ የሺ ናት። ፖፖዬ ላይ ደም አይታ ለልጄ የነገረችው እሷ ናት። ገመናዬን ለወንድ ልጄ አወጣችው ብዬ ስረግማት ከረምኩ።

እሷና ልጄ አዲስ አበባ አምጥተው አስመረመሩኝና የተገኘብኝን የፊኛ ካንሰር አስፋቁልኝ። እንዳይመለስ ደግሞ ሐኪሞቹ ለሕፃናት የሚሰጠውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በቱቦ ፊኛዬ ውስጥ ይጨምሩልኝ ጀመር። መድኃኒቱ ፊኛዬን ሁሉ እንዲያዳርስ ሁለት ሰዓት ሽንቴን ይዤ መገላበጥ ነበረብኝ። ሲያቃጥለኝ የሺ፣ «እማማ፣ እኔን ይስደቡኝ፤ ሕመሙን ይረሱታል» ትለኛለች። ሰደብኳት፤ እውነትም ቀለለኝ።

ዛሬ ሐኪሙ በመሣሪያ አይተው፣ «አልተመለሰም። ዘግይተው መጥተው ቢሆን ፊኛዎን አውጥተን እንጥለው ነበር» አሉኝ። ተመስገን።

ይቅር በይኝ ልላት አፌ እምቢ አለኝ። አገራችን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ግን ከእንግዲህ ለጎረቤት አላማትም።