መርዶው ሳይደርስ

ጥቅምት 19

ሰሊጥ ገባ። የጭነት መኪናው ከማለዳ ጀምሮ የገዳሪፍን ገበያ ዘግቶት ዋለ። አቧራው ብርጭቆ ውስጥ ሁሉ... ሁለቴ አጠብኩ፣ ሦስተኛውን ተውኩት። ከነአቧራው ይጠጡ።

ኑሪያ ልጌማቷን ትጠብሳለች። ሊጡን በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ዘይቱ ላይ ስትጥለው ክብልል ብሎ ይወጣል። እኔም ሞከርኩ። «የዶሮ ኩስ! አንቺ ሻይሽን ቅጂ፣ ተናኜ፤ ዘይት አታባክኚ» አለችኝ። ጎረቤታችን ፉል ሻጯ ኡምሰልማ አማርኛው ሳይገባት አብራ ሳቀች። ሱዳናዊት ናት፤ ለመሳቅ ምክንያት አትፈልግም።

ከሰዓት የኑሪያ እናት ከድንበሩ ማዶ፣ ከገንዳ ውሃ ደወለች። ስልኩን ነጥቄ ሰላም አልኳት። «ይቺን ልጅ ዳሪልኝ እንጂ!» አለች። «ማን ይችላታል፣ እማ ዘምዘም?» አልኳት። ኑሪያ በጭልፋ መታችኝ።

ጥቅምት 25

የሚኒባስ ፌርማታው ላይ ቦምብ ፈነዳ። ኑሪያ ብርጭቆ ልትሰበስብ ሄዳ ነበር።

ጥቅምት 26

አግዳሚው ስር የተተወ ቦርሳ ነው አሉ። ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም። ስንት ሰው እንደሞተ ሁሉም የየራሱን ያወራል። እኔ የማውቀው አንዷን ነው።

ትናንትናውኑ ተቀበረች። ኡምሰልማና ሴቶቹ አጥበው ከፈኗት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ውሃ አቀብል ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ተሸክመዋት ሄዱ። እዚህ ሴት መቃብር ድረስ አትሸኝም። መታጠፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ... እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቅም። አንዱ ጫማዬ የለም።

ጥቅምት 28

አያ ስንሻው መጣ። የአገሬ ሰው ነው፤ እዚህ ላለነው ሁሉ እንደ ታላቅ ወንድም።

«ለእናቷ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንዳትነግሪ! መርዶ በስልክ አይነገርም። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊት አለባት። ወንድሟ ረድዋን ከጎንደር ሄዶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ ይነግራታል። እሱን አግኝቼዋለሁ።»

«መቼ ይሄዳል?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

መንገዱ በተኩስ ከተዘጋ ሰነበተ።

በር ላይ ደርሶ ዞረ። «ጥቁር እንዳትለብሺ። ገዳሪፍ የገንዳ ውሃ ልጅ ሞልቶበታል፤ አንዱ አይቶሽ ይደውልላታል። ልቅሶም አትቀመጪ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ኅዳር 1

ሥራ ጀመርኩ። ፌርማታው ላይ አሸዋ ደፍተውበታል። ሚኒባሶቹ እዚያው አሸዋው ላይ ቆመው ይጭናሉ። ረዳቶቹ እንደ ድሮው ይጮኻሉ።

ቢጫ ቶብ ለበስኩ። ቢጫ! አንዱ ደንበኛ አማረብሽ አለኝ። አመሰገንኩት።

«ልጌማትስ?» ይሉኛል። «ማፊ» እላለሁ። የለም ማለት ነው፤ ሌላ አይጠይቁም። ደግሞ አንዱ የኑሪያን ባንበር ሳብ አድርጎ ሊቀመጥበት... በአማርኛ ጮህኩበት። ገባው። ትንሽ የገመድ ወንበር ናት እኮ፤ ምን አለ ቢቀመጥባት?

ኅዳር 3

እማ ዘምዘም ደወለች፤ በእኔ ስልክ።

«የኑሪያ ስልክ አይሠራም።»

«ፋው ሄዳለች፣ እማ። ሥራ አግኝታ። እዚያ ኔትወርክ የለም።» ሳልንተባተብ ወጣ።

«ፋው ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ብርድ አለው?»

«የለውም።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ስልኩን ዘግቼ ብርጭቆ አጠብኩ። አላለቀስኩም። ገበያ ላይስ ሰው ያየኛል... ቤት ማን ያየኛል? ቤትም አላለቀስኩም።

ኅዳር 8

ዛሬ ደግሞ አንድ ቦርሳ ተረስቶ ተገኘ፤ ከእኔ ምድጃ ትንሽ ራቅ ብሎ። አንዱ «ሸንጣ! ቦርሳ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ባንበሩን እየገለበጠ በረረ። ሻይ መቅዳት ጀምሬ ነበር፤ ጨረስኩት። የሚጠጣው ሲጠፋ ራሴ ጠጣሁት።

ኡምሰልማ ከሸሸችበት ተመልሳ፣ ያን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ እየሮጠች፣ እጄን ጨምድዳ ጎተተችኝ። «መጅኑና! እብድ ነሽ! ሁለተኛ ሬሳ ላጥብ ነው?» አለችኝ።

ፖሊስ መጥቶ ከፈተው። የሕፃን ጫማና ዳቦ ነበር። ሰዉ ተመለሰ። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ቀይሪልን አሉ። ቀየርኩ።

ኡምሰልማ ደፋር ነሽ ስትል ሰማኋት። ምን ድፍረት አለ? ምንም አልተሰማኝም። ቦርሳው አላስፈራኝም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 10

ደወለች። ደህና ናት አልኳት። ፋው ዝናብ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። እህሉስ? ተስማምቷታል አልኩ። ወፍራለች ብዬ ጨመርኩበት። ምን ነካኝ?

ኅዳር 14

መንገዱ አልተከፈተም።

ኅዳር 17

ልጌማት ጠበስኩ። የዶሮ ኩስ ሆነ። ማንም አልሳቀብኝም።

ከሰዓት እማ ዘምዘም። «በልተሻል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

ዳቦ አልኩ።

«ትኩስ ነገር ብዪ እንጂ! እንቅልፍስ?»

«እተኛለሁ።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም፣ ልጄ» ብላ ዘጋችው። ስለ ኑሪያ አልጠየቀችኝም። ረስታ ይሆን? እናት ትረሳለች እንዴ?

ኅዳር 24

ጎህ ሲቀድ ስልኩ ጮኸ። ከሰል ገና አላያያዝኩም። እማ ዘምዘም ናት። በዚህ ሰዓት? መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው። ረድዋን ደረሰ፣ ነገሯት አልኩ በልቤ።

«ረድዋን መጣ?» አልኳት።

«አልመጣም። መንገዱ እንደተዘጋ ነው።»

«ታዲያ በደህና ነው?»

«ልቅሶ ልደርስሽ ነው የደወልኩት።»

«የማን ልቅሶ?» አልኩ። ይታያችሁ፣ አሁንም ልዋሽ!

«ተይ፣ ልጄ። ተይ በቃ።»

ያን ቀን ፍንዳታውን በሬዲዮ ሰምታ ኑሪያ ስልክ ላይ ደወለች። አንድ ሰውዬ አነሳው። «ማተት አለኝ። ድንበር ላይ አርጅቼ ሞተች ማለት ይጠፋኛል?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«ሽማግሌ እስኪመጣ ጠበቅኩ። መርዶ ሳይደርሰኝ ብቻዬን ተነስቼ ልጩህ? ደግሞ አንቺ ፋው ናት ስትዪኝ... ሳምንቱን ሙሉ ፋው ትሆንልኝ ነበር። ብርድ የለም ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወፍራለች ስትዪማ!»

ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ግን ድምፅሽ ሞተብኝ። አንዷን አጥቼ አንቺንም ልጣ? እኔን ብለሽ አንጀትሽን አስረሽ ከረምሽ። ይበቃል። እኔም ጎረቤት ልጠራ ነው። በይ አልቅሺ።»

መጀመሪያ እሷ ጀመረች። «ኑሪያዬ» ስትል ሰማሁ... ከዚያ የማን ድምፅ እንደሆነ እንጃ፤ የእኔ ነው። ሒሳቧ አልቆ ስልኩ እስኪቋረጥ አለቀስን። ከተቋረጠም በኋላ አላቆምኩም። ደረቴን አመመኝ።

አያ ስንሻው ጩኸቴን ሰምቶ ሊቆጣ መጣ። ነገርኩት። ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ።

ጥቁር ለበስኩ። ኡምሰልማ ድስቷን ዘግታ፣ የገበያውን ሴቶች አስከትላ መጣች። ባንበሮቹን ሁሉ ተሸክመዋቸው ነው የመጡት። ኡምሰልማ የኑሪያን ባንበር ስባ ተቀመጠችበት። ተይ አላልኳትም።

ዛሬ ሻይ አልሸጥኩም። ኡምሰልማ በእኔ ማንቆርቆሪያ አፍልታ ቀዳችልኝ። ስኳሩን አብዝታዋለች። ጣፈጠኝ።