የመጀመሪያዋ ማንኪያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ለክፉ አልሰጠኝም፤ እንቅልፌ ተመልሷል፣ እህልም መቅመስ ጀምሬያለሁ። አንተ ግን ከፊልምህ ምረቃ ወዲህ በርህን ዘግተህ እንደተቀመጥክ እማዬ ነገረችኝ። እሰይ! የእጅህን ነው ያገኘኸው። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽህም።

ያቺን ተዋናይት ቤት ስታመጣት ምን ነበር ያልከኝ? ጓደኛ ትሁንሽ ብለህ። እኔ ሞኟ አመንኩ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበሬን ለቀቅኩላት። የሳህን ኳኳታ ሲበዛብኝ ለምን ጆሮዬን እንደምይዝ፣ ለምን እንደምወዛወዝ አንድ በአንድ አጫወትኳት። ለካ እኔን ልታጠና ኖሯል የመጣችው!

ያወቅኩት አንተ እንደ ሁልጊዜው የፊልምህን ቀረጻ ኤዲት እንዳደርግ ስትሰጠኝ ነው። ባለ ኦቲዝሟ ገጸ ባሕርይህ ምሳ ገበታ ላይ በእኔ አያያዝ ጆሮዋን ይዛ፣ በእኔ አወዛወዝ ትወዛወዛለች፤ ከሥሯ አስቂኝ ሙዚቃ። ብጠይቅህ፣ "ሰው ካልሳቀ ማን ያይልናል? አንቺ ይሄ አይገባሽም" አልከኝ። እህል አልወርድ ብሎኝ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አይገባሽም ያልካት እህትህ ግን ልማድህን ታውቃለች። ድምፅ ሲበዛ ራሴን ያመኛል እያልክ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሁልጊዜ ድምፁን አጥፍተህ ነው የምታየው። እኔም ቂሜን ቋጥሬ ከምሳው ትዕይንት ሙዚቃውን አወጣሁና እኔ እንደምሰማው አደረግኩት። ማንኪያው፣ የወንበሩ ጭረት፣ ጥዝዝ የሚለው አምፖል፣ ሁሉም እኩል ይጮሃል። አይተህ ፈረምክልኝ።

በምረቃው ቀን መድረኩ ጥግ ቆሜ ነበር። አንድም የሳቀ የለም። ሰው ፊቱን አጨማደደ፣ አንዳንዱም ተነስቶ ወጣ። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ የተወዛወዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ገና የመጀመሪያዋ ማንኪያ ሳህን ስትነካ። ፎቶ አነሳሁህ። ለሚያውቁህ ሁሉ ልኬ ላዋርድህ ነበር።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት፤ የጆሮ አያያዝህ ቁርጥ የእኔ ነው። ከዚያ መላኩን ተውኩት። ይኸው ከደብዳቤው ጋር አለልህ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ታረቅን ማለት ግን አይደለም።

ሐኪሜ በመጀመሪያው ቀን፣ "በቤታችሁ እንዳንቺ ያለ ሰው አለ?" ብላ ጠይቃኝ የለም ብያት ነበር። ስልኳን ከፎቶው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

ፈጣሪ ጆሮህን ያሳርፍልህ።

ወንበሯን ዳግመኛ ለማንም የማትለቅ
ታናሽ እህትህ