ሁለት ሰው በአንድ ስልክ

ለጤና አገልግሎት መተግበሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ የተገልጋይ መረጃ በስልክ ሳይሆን በሰው እንዲያዝልን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ስሆን የምኖረው ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ነው። በቤታችን መተግበሪያችሁን የሚቀበል ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኔ። አማቴ የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ መድኃኒታቸውን በየወሩ የማዝዘው በዚሁ ስልክ ነው። ያለ መተግበሪያው ፋርማሲው አንድ ፍሬ ኪኒን አይሰጥም። ደንቡ የእናንተው ነው።

2. ሳረግዝ ክትትሌን በዚያው ስልክ አስመዘገብኩ። መተግበሪያው ሁለታችንን አንድ ሰው አደረገን። አማቴ በሰባ አንድ ዓመታቸው “እንኳን ደስ አለዎት፣ ነፍሰ ጡር ነዎት” ተባሉ። “ጉድ ፈላ! ሟቹ ባሌ ይህን ቢሰማ ከመቃብር ተነሥቶ ይፈታኝ ነበር” ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ስለዚህ ያን ጊዜ አቤት አላልንም።

3. በአምስተኛው ወር ፅንሱ ወረደ። ሐኪሙ በካርዴ ላይ ጽፎታል፤ መተግበሪያው ግን ወይ ፍንክች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት “ልጅዎ አሁን የጥቅል ጎመን ያህል ሆኗል”፣ “ልጅዎ ድምፅዎን ይለያል” እያለ ይልክልኛል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አማቴ የመድኃኒታቸው ነገር እየመሰላቸው “ምን ይላል ልጄ?” ይሉኛል። “ማስታወቂያ ነው እማዬ” እላቸውና ወደ መኪናዬ ዞሬ እሰፋለሁ።

4. መስኮት አራት ያለው ሠራተኛችሁ ትሑት ሰው ነው፤ አልከሰውም። እንዳስረዳኝ ከሆነ ሥራው ሲጀመር የተገልጋዩን መረጃ መከታተያ ዘዴ ለመምረጥ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። በመታወቂያ ቁጥር ይሁን፣ በይለፍ ቃል ይሁን፣ ወይስ በስልኩ በራሱ ተባለ። ተገልጋዩ ምንም መጻፍ ስለማያስፈልገው የስልኩ ቀላል ሆኖ ተመረጠ። ለማን እንደቀለለ ግን አልነገረኝም።

የእርግዝናውን ፋይል ላጥፋ ስል የአማቴም አብሮ ይጠፋል። እንደ አዲስ ተመዝግበው መድኃኒት እስኪፈቀድላቸው ሦስት ወር ይፈጃል። ሌላ ስልክ ልግዛላቸው ስል አዲስ ስልክ አዲስ ሰው ነው፣ ያው ሦስት ወር። ሐኪማቸው ሳምንት እንኳ እንዳያቋርጡ አስጠንቅቋል። ልሰርዝ ብል እሳቸውን፣ ልተወው ብል ራሴን። ወዴት ልሂድ?

5. ስለሆነም መረጃችን በየመታወቂያ ቁጥራችን ተለይቶ እንዲያዝ፣ እስከዚያው የሰኞው መልእክት እንዲቆምልኝና የአማቴ መድኃኒት እንዳይቋረጥ እንዲያዙልኝ እጠይቃለሁ።

6. የቸኮልኩበት ምክንያት አለኝ። ትናንት የደረሰኝ መልእክት የመውለጃዬ ቀን የፊታችን ሰኞ እንደሆነና ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ካልገባ መተግበሪያው እንደማይከፈት ይገልጻል። የአማቴ መድኃኒት የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። ሠራተኛው “አንድ ስም ጻፊና ይከፈትልሽ” አለኝ፤ ለክፋት አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ልጁ ስም ነበረው። ያወጡለት አማቴ ናቸው፤ ገና ሆዴ ሳይገፋ ነው ያወጡለት። ያን ስም ለኪኒን ማስከፈቻ ልጽፈው አልችልም። ሌላ ስም ልጻፍ ብዬም ሞክሬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ካልጻፍኩ ደግሞ መድኃኒት የሚያጡት ስሙን ያወጡት ሴትዮ ናቸው።

መልሱን እባክዎ በስልኩ አይላኩልኝ፤ አማቴ “ምን ይላል?” ማለታቸው አይቀርም። መጥቼ በእጄ እወስዳለሁ።

ከሰላምታና ከተማጽኖ ጋር፣

(ፊርማ)
በመዝገባችሁ የሰባ አንድ ዓመት ነፍሰ ጡር የሆነችው ልብስ ሰፊ