ዓይንህን ያየችው ሴት

ምንይችል ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንጅባራ ብርዷ ያው ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ግን ባጃጁ በዝቷል፣ የቤት ኪራዩም ጣራ ነክቷል። የስፌት መኪናህን አልሸጥኳትም፤ አሁን የምሰፋባት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ሱሪያቸውን አጥብቢልን እያሉ ይመጣሉ። እንዴት አድርገው እንደሚያወልቁት እግዜር ይወቅ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ይህን ለማውራት አይደለም። ቀንቼ ነው። ሴት በሞተ ባሏ ትቀናለች ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ትቀናለች።

መጀመሪያ የቀናሁት በመነጽርህ ነበር። ስንጋባ መርፌ ውስጥ ክር በአንዴ የምታስገባ፣ መንገድ ማዶ የቆመ ወንድምህን ግን ከግንድ የማትለይ ሰው ነበርክ። በጥር ፈረስ ሲጋለብ ሜዳው ዳር ቆመን ዓይን ሆኜ የምነግርህ እኔ ነበርኩ። የቱ ቀደመ ትለኛለህ፣ ዳማው ቀደመ እልሃለሁ። የአጎቴ ፈረስ መጨረሻ ሲወጣም ቀደመ እልህ ነበር፤ አንተም ታጨበጭብለታለህ። መነጽር የገዛህ ዓመት ግን እጄን ለቀህ ወደ ፊት ሄድክና ሁሉንም ራስህ አየህ። ዘመድ ሁሉ ደስ አለው። እኔ ሥራዬን የተቀማሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ የሆስፒታሉ ሲስተር መጣች። የግራ ዓይንህ ቀጥ ያለውን የጨርቅ ጠርዝ እያጎበጠ ማሳየት ሲጀምር ወደ ዓይን ክፍል የወሰድኩህ እኔው ነኝ። ጠብታ ጨመረችልህ፣ የክፍሉን መብራት አጠፋች፣ ብርሃን የሚፈነጥቅ ትንሽ መሣሪያ ይዛ ጎንበስ አለችብህ። ጉንጯ ጉንጭህን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ እዚያው ተቀምጬ! መነጽርህን አውልቀሃል፤ ያለ መነጽር ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታይህ እንዲህ ስንዝር ድረስ የቀረበ ፊት ብቻ ነው። ያ ቦታ የእኔ ነበር።

ከዚያ አስረዳችን። ዓይንህ ወደ ኋላ ተለጥጦ ከሌላ ሰው ዓይን ረዝሟል አለች። ሲለጠጥ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይበልጥ ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹም አብረው እየተጎተቱ ይቀጥናሉ። አንዳንዴ ከሽፋኑ ሥር ደካማ የሆነ አዲስ የደም ሥር ይበቅልና ደም ያፈሳል፤ ጠርዙን ያጎበጠብህም እሱ ነው። መነጽር ሩቁን ያሳይሃል እንጂ የተለጠጠውን አይመልስም አለች። ወደ ባሕር ዳር ላከችህ፣ ዓይንህን መርፌ ተወጋህ፣ ደሙ ቆመ። ዓይንህን አትርፋልሃለች፤ አልክድም። ግን እንደ አንተ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም አለችኝ እያልክ ሳምንት ሙሉ ስትኩራራብኝ እንዴት አድርገህ እንዳናደድከኝ!

አሁን ደግሞ ሰብለ። ልጃችን አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሰሌዳው አይታየኝም ትላለች፣ ደብተሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታነባለች። ያንተን ዓይን ወሰደች። የእሷም የደም ሥሮች እንዳንተ ይሆኑ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ወደዚያች ሴት ተመልሶ መሄድ ደግሞ ሞቴ ነበር። ዳንግላ ያለችውን እህቴን ሌላ የዓይን ሐኪም ፈልጊልኝ ብላት፣ ጠያይቃ ስታበቃ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው የእንጅባራዋን ሲስተር ነው አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ሄድኩ።

አየችኝና ወዲያው አወቀችኝ። ያንተንም ዓይን አልረሳችውም። የቀኙ እንዲህ ነበር፣ የግራው እንዲያ ነበር አለች። እኔ የማስታውሰው ፊትህን ነው፤ እሷ ግን ውስጥህን።

ሰብለ ብርሃኑን ፈርታ አልቀመጥም አለች። ሲስተሯም በይ እናትሽ ትቅደምልሽ ብላ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ጎንበስ አለችብኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ፊቷ ግን የለም። ያለው ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ብርሃን ብቻ ነው፤ አፍንጫዋን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ለካ እሷ ናት እንጂ ያየችህ፣ አንተ አላየሃትም! እዚያው ወንበር ላይ ሳቄ አመለጠኝ።

ሰብለም ሳቄን ስታይ ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ተመረመረች። የደም ሥሮቿ ለጊዜው ደህና ናቸው። መነጽር ታዞላታል፤ ዓይኗ እየተለጠጠ እንደሆነ በየዓመቱ ይታይ ተብለናል። አንድም ዓመት አላሳልፍም፣ እንዳታስብ።

የዓይንህን ውስጥ እሷ ታስታውሰው፤ ሥራዋ ነው፣ ተውኩላት። ከስንዝር ላይ ጥርት አድርገህ ያየኸው ፊት ግን የእኔ ነው። አርጅቼ ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ እንኳ ያንን አልረሳም። አንተም እስክመጣ ድረስ፣ እዚያ ባለህበት፣ ማንንም እንዳታስጠጋ።

ያንተዋ የዝና