የመዳፌ ነገር

ሳክሲ፣ ቴክሳስ
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክፍሉ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ሲያትል ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሰመሩን፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ልጄ ሩሐማ እኔ ጋ ትክረም፣ መጥቼ ልውሰዳት ብለህ ቴክስት አድርገሃል። በስልክ ብመልስልህ ስለምትዘጋብኝ ይኸው በወረቀት።

መጀመሪያ የሆዴን ልናገር። በልደቷ ቀን፣ ያ ሁሉ እንግዳ ተቀምጦ፣ ላጎርሳት ስል ልጅቷን በክንዷ ጎትተህ «በዚያ እጅሽ እንዳትነኪያት» አልከኝ። እንግዶቹ እነ እናትነሽ አቀርቅረው ሳህናቸውን ያዩ ጀመር። መዳፌ መቅላቱን፣ መሰነጣጠቁን መች ካድኩ? ግን የቆዳ ሐኪሙ «ሶሪያሲስ ነው፣ አይተላለፍም» ሲል አጠገቤ ነበርክ። ሰምተህ ነው የጎተትካት።

ደግሞ «በዐቢይ ጾም የህንድ ጠንቋይ ቅቤ ታጠጣታለች» ብለህ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራህ። ኧረ እግዜርን ፍራ! አርቪንግ ከተማ ያለችው ህንዳዊት ሴትዮ አዩርቬዳ የሚባለውን የአገሯን ሕክምና የተማረች ናት። ቅቤውም መራራ ቅጠል የተፈላበት መድኃኒት ነው፣ አፍንጫዬን ይዤ ነው የምውጠው። ንስሐ አባቴን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። አንተ ማንን ጠየቅክ? መዳፌንና ውስጥ እግሬን የሰጠችኝን ዘይት እቀባለሁ። ማሳከኩ ቀነስ ብሎልኛል፣ ስንጥቁ ግን አለ። እሷም «ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፣ የሐኪምሽንም ቅባት እንዳታቋርጪ» ብላኛለች። የመጀመሪያ ቀን ምን አደረገች መሰለህ? ያለ ጓንት ሁለቱን እጆቼን ይዛ አገላብጣ አየቻቸው። እዚያው አለቀስኩ። አንተ ያላደረግከውን የማላውቃት ሴት አደረገችልኝ።

ሶ፣ ወደ መልሱ ልምጣ። ሩሐማ ሰሞኑን በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ካልሲ አላወልቅ ብላ ነበር። ትናንት ገላዋን ስትታጠብ ፎጣ ላቀብላት ገባሁ። ውስጥ እግሯ እንደኔው ተሰነጣጥቋል። ሐኪሙ አንዳንዴ በዘር ይመጣል ብሎን ነበር። «አስያዝሻት» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ በለኝ፣ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ማሚ፣ ለዳዲ አትንገሪው፣ ፕሊስ። ካወቀ አይነካኝም» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ና። ገና ስትገባ፣ ሻንጣዋን ሳትጠይቅ፣ ቁጭ ብለህ እግሯን በባዶ እጅህ ያዝላት። ከዚያ የፈለግክበት ውሰዳት፣ አልከለክልህም። ይህ ካልሆነልህ ግን፣ ክፍሉ፣ ትኬት አትቁረጥ።

እግዚአብሔር ልብህን ያራራልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

እስካሁን ሚስትህ፣
ዓለምሸት