ዓይንሽ ታስሮ የምትተኚበት ሰፈር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሄርሜሊንዳ፣

ይህችን ከተማ ዳር እስከ ዳር የሚሞላ ሰላምታ ልኬልሻለሁ። ከተማዋን ዳር እስከ ዳር አይቻት ስለማላውቅ ትንሽ ቢጎድል አትቀየሚኝ፤ የስኳር ድንች ጋሪዬን እየገፋሁ የደረስኩበትን ያህል እንደሚሞላ ግን እርግጠኛ ነኝ። እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃው ላይ አሁንም ይከዳሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ዓይንሽስ ባሰበት ወይስ ባለበት ነው? ባለቤትሽ ጋሽ አቡንዲዮ ደህና ናቸው? ፍየሎቹስ? እኔን ከጠየቅሽ፣ አንድ ጥርሴ ከመነቃነቁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እሱም የሚነቃነቀው ስለ አንቺ ብዙ ስለማወራ ነው።

አዎ፣ ጽሕፈቱ የገዛ እጄ ነው። ኤውፍራሲያ፣ አንቺ የምታነቢላት የእህቴ ልጅ፣ እዚህ ላይ ቆም በይና ወረቀቱን ለእናትሽ አሳዪያት፤ ፊደሉን ባትለየው ጥቁረቱን ታያለች። በማታ ትምህርቱ ከክፍላችን አንደኛ ወጥቻለሁ። አራት ነበርን፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ገና ፊደሉ ሲጻፍ ያንኮራፋል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሆስፒታሉ ቀን ሰጥቶናል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የዓይንሽን ሞራ ያነሱልሻል። ሐኪሟ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ካልመጣሽ ተስፋ እንደማትሰጠኝ ቁርጤን ነግራኛለች። ሁለቱም ዓይኖችሽ በፋሻ ይታሰራሉ። ከሆስፒታል ከወጣሽም በኋላ ፋሻው እስኪፈታ በየጠዋቱ መታየት ስላለብሽ እዚሁ ከተማ ትቆያለሽ። አንቺ ደግሞ በሱቁ ስልክ፣ በኤውፍራሲያ አፍ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ «መምጣቱንስ እመጣለሁ፤ እንደ ባለፈው ያለ ሰፈር ካስተኛኸኝ ግን ፋሻዬን እንደታሰርኩ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ደግሞስ ዓይኔ ታስሮ፣ ዶሮ የማይጮኽበት አገር፣ መንጋቱን በምን ላውቅ ነው?» ብለሽኛል። እንደምታደርጊው አውቃለሁ። ያኔም አድርገሽዋል።

የዚያን ጊዜውን ነገር እኔ እንደሰማሁት ልጻፈውና ይውጣልን። የአጎታችን ልጅ ኒካኖር ናርቫርቴ ሰፈር፣ ፎቁ ላይ አሳደረሽ። ጠዋት ደወል ሰማሽ። እንደ አገራችን የቅዳሴ መስሎሽ የበዓል ሻልሽን ተከናንበሽ፣ መቁጠሪያሽን ይዘሽ ከጎረቤቶቹ ጋር ወረድሽ። ሁሉም አፉ የታሰረ ከረጢት ይዘዋል። አንቺም በልብሽ «እነዚህ ባለጸጎች ለካ ለቤተ ክርስቲያን ባዶ እጃቸውን አይሄዱም» ብለሽ በባዶ እጅሽ አፈርሽ። ጥጉ ላይ ለካ አንድ ሰው ከቆሻሻ መኪናው ፊት ቆሞ፣ ሰዉ ቆሻሻውን እንዲያወጣ ቃጭሉን ያንቃጭላል። ዓይንሽ ያኔም ደብዝዞ ነበርና፣ ጎንበስ ብለሽ አማተብሽ። ደዋዩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ቆቡን አውልቆ አብሮሽ አማተበ ይባላል። የኒካኖር ሚስት ግን «የባሌ ዘመድ የቆሻሻ መኪና ልትሳለም ወረደች!» እያለች ደረጃ ለደረጃ ስታወራው ዋለች። በማግስቱ ሐኪም ፊት ሳትቀርቢ ወደ አገርሽ ገባሽ። ይኸው ዓይንሽ እዚህ ደረሰ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሰፈሩን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዓይንሽ ስለሚታሰር ሰፈሩን የምታይው በጆሮሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ስኳር ድንች ሻጭ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነው። እኛ የምንወጣው ሲመሻሽ ነው፤ ሰማዩ የበሰለ በለስ ሲመስል፣ መብራቱ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ሲል። የጋሪዬ ምድጃ እንፋሎቷን በቱቦዋ ስትለቅ ረጅም ፉጨት ታወጣለች፤ ማልቀስ ጀምሮ ወዲያው የተወው ሰው ዓይነት ድምፅ ነው። ከፉጨቱ በኋላ ሰፈር ሁሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል። በዚያች ጸጥታ ውስጥ ዓይኔን እጨፍንና አንቺን እሆናለሁ።

መጀመሪያ ዶክቶሬስ ሰፈር ሄድኩ። ከሆስፒታሉ በር በእግር የሚደረስ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የምታከራየው ንጹሕ ክፍል አለ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። አምቡላንስ አለፈ። ሌላ አለፈ። እያንዳንዱ ሲያልፍ ልቤ «ይሄ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» እያለ አብሮት ይሮጣል። አንቺ ፋሻሽን ታስረሽ ለማታውቂያቸው በሽተኞች ሁሉ ስትጸልዪ፣ እንቅልፍ በአጠገብሽ ሳይዞር ሲነጋ ታየኝ። አንድ ደንበኛ መጣና «አባባ፣ ተኝተህ ነው እንዴ የምትሸጠው? ወይስ ለድንቹ ፍትሐት እያደረግክለት ነው?» አለኝ። «እህቴን እያስተኛኋት ነው» አልኩት። ድንቹን ተቀብሎኝ ዞር ዞር ብሎ እያየኝ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሪዬን አሳርፌ ከተማው ዳር፣ ጀልባ የሚቀዘፍባቸው ቦዮች ያሉበት ሾቺሚልኮ፣ የክርስትና እናቴ የቶማሳ ልጅ ዘንድ ወረድኩ። እታለም፣ ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው? የውሃው ዳር ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ብጨፍን ከተማዋ ጠፋች። የጀልባው ቀዘፋ ውሃውን ይዳስሳል፤ አበባ የጫነች ጀልባ በፊቴ ስታልፍ መዓዛዋ ቀድሟት መጥቶ፣ እሷ ከሄደች በኋላም ይቆያል። እንቁራሪቶቹ አንድ ጊዜ ይጀምሩና አንድ ጊዜ ይተዋሉ። ይመስለኛል ተኛሁ። አንቺ ያለ ቀዛፊ በምትሄድ ጀልባ ላይ ተጋድመሽ፣ ፋሻሽ ነጭ አበባ ሆኖ፣ «ሲሪሎ፣ ደረስን?» ትይኛለሽ። እኔ ከዳር ሆኜ እሮጣለሁ፤ ውሃው አንቺን ይወስዳል፤ አንቺ ግን አልፈራሽም፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። ስነቃ እግሬ ረጥቦ ነበር። ሰፈሩ ገነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ሆስፒታሉ ድረስ አውቶቡሱ ግማሽ ቀን ያንገላታል፤ አዲስ የተነካ ዓይን ደግሞ መንገጫገጭ እንደማይችል ሐኪሟ ነግራኛለች። ሾቺሚልኮን ፋሻሽ ሲፈታ በዓይንሽ ታይዋለሽ። እስከዚያ ሕልሙ ይበቃናል።

ናርቫርቴንም ሳላይ አልተውኩትም። ኒካኖር ራሱ ገበያ ድረስ መጥቶ ክንዴን ይዞ «እባክህ ሲሪሎ፣ እኔው ጋ ትረፍ፤ ሚስቴም ተጸጽታለች። ደግማ ብታወራ እኔ ራሴ ከረጢት ውስጥ ገብቼ ከቆሻሻው ጋር እወርዳለሁ» አለኝ። ከልቡ ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። በዚህ ወር ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጥለው ሐምራዊ አበባ ብቻ ለብሰዋል፤ መሬቱም ሐምራዊ፣ የጋሪዬ ጣሪያም ሐምራዊ። ግን ዓይኔን ስጨፍነው ምንም የለም። በሩ ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ፣ ምንጣፉ ጥልቅ። የሰው ኮቴ እንኳ አይሰማም። እዚያ ዝምታው ሁለተኛ ፋሻ ነው የሚሆንብሽ። ስለ ደወሉ ደግሞ ባላስታውስሽ ይሻላል።

እንግዲህ የቀረው የኔው ኢስታፓላፓ ነው። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልደብቅሽም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አልጋውን ለአንቺ ለቅቄ እኔ ከጋሪዬ አጠገብ እተኛለሁ፤ የምድጃዋ ሙቀት እስኪነጋ አይለቅም። አከራያችን እማማ ግሬጎሪያ ሲበዛ ቁጡ ናት፤ ሆኖም ስለ አንቺ ስነግራት «ሰውም ይዛ ትምጣ፣ ፍየልም ይዛ ትምጣ፣ የፈለገችውን ይዛ ትምጣ፤ ሙቅ ውሃ ብቻ እንዳትጠይቀኝ!» አለችኝ። ይህ በእሷ አፍ እቅፍ አበባ ማለት ነው። ለሆስፒታሉም ከበራችን ጥግ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፤ ነጂው ደንበኛዬ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነዳልሻል።

የቆሻሻው ደወል በእኛም ሰፈር አለ። አልዋሽሽም። ደዋዩን ፊዴንሲዮን ይዤ ያንቺን ታሪክ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ቃጭሉን መሬት አስቀምጦ «እኔ ዕድሜ ልኬን ስደውል ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚመጣው። አማትቦ የመጣ አንድ ሰው ካለ፣ ያቺን ሴት አሳየኝ» አለኝ። ስትመጪ በመስኮትሽ ሥር ሲያልፍ ቀስ አድርጎ ይደውላል። ከፈለግሽ አማትቢ፤ እዚህ የሚስቅብሽ የለም።

ሌላው ሁሉ ከመንጋቱ ይጀምራል። ከግድግዳው ወዲያ አንድ አውራ ዶሮ አለ፤ ሲጮህ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ከእሱ በኋላ ቂጣ ጋጋሪዋ የበቆሎ ሊጡን በመዳፏ ስትጠፈጥፍ ትሰሚያለሽ። ከዚያ የውሃ ቦቴው ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፤ ሴቶቹ ባልዲ እያጋጩ «እኔ ነኝ ቀዳሚ!» «በሕልምሽ ነው የቀደምሽው!» ይባባላሉ። ወደ ማታ ጥሩምባ ነፊዎቹ ይለማመዳሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይስታል። መሳቱን ሳትጠብቂው እንቅልፍ አይወስድሽም።

ይህን ሁሉ ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጬ እነግርሻለሁ። ትዝ ይልሽ እንደሆን፣ ኩፍኝ ይዞኝ እናታችን መስኮቱን በብርድ ልብስ ስትጋርደው፣ ጨለማ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ውጭ ያለውን በድምፁ ትነግሪኝ ነበር። «ይቺ የጎረቤት አህያ ናት፤ ውሃ ጭና ተናዳለች። ይሄ ነፋሱ ነው፤ በቆሎውን እያበጠረው ነው» ትይኛለሽ። እኔ ዓለምን ያየሁት ያኔ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ አይደለም። አሁን ተራው የእኔ ነው። ሌላ ሰፈር ውስጥ ለዚህ የሚቀመጥልሽ ሰው የለም። እባክሽ፣ እምቢ አትበይኝ።

የጋሽ አቡንዲዮን ጉልበት ስሜያለሁ በይልኝ፤ በሌለሽበት ምግብ ያቃጥላሉ ብዬ እንደማልሰጋም ንገሪልኝ፤ ያቃጥላሉ። ኤውፍራሲያን፣ ጎሮሮዋ እስኪደርቅ ያነበበችልሽን፣ ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ፣ የሱቁን ሰውዬ ስለ ስልኩ፣ ፍየሎቹንም ጭምር። ጓሮ ያለውን ቀዩን አውራ ዶሮሽንም ሰላም በይልኝ።

እሱን ካነሳሁ ዘንዳ፣ እታለም፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ግን ውሸት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ፊዴንሲዮም፣ ጥሩምባውም፣ የሾቺሚልኮው ሕልም ሳይቀር እውነት ነው። ዶሮ ብቻ የለንም። መንጋቱን በምን ላውቅ ስላልሽኝ እጄ ሳላዘው ጻፈው። እኔው ራሴ በየጠዋቱ እንዳልጮህልሽ ድምፄን ትለይዋለሽ። ስለዚህ ስትመጪ ቀዩን በቅርጫት አድርገሽ፣ ጨርቅ አልብሰሽ፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ይዘሽልኝ ነይ። እማማ ግሬጎሪያ የፈለገችውን ይዛ ትምጣ ብላለች። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ጋሪዬን እያስፏጨሁ እጠብቃችኋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ሲሪሎ
ኢስታፓላፓ፣ ሜክሲኮ ከተማ
እሑድ፣ ማርች 11 ቀን 1984