ስልሳ አምስት ኪሎ ነኝ ያልሽው

ይድረስ ለልጄ ለቬሬና፣ ጃፓን።

እግዚአብሔር ከበረዶው ይጠብቅሽ፤ እግርሽን ከስብራት ይሰውርልኝ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ተቀመጥ ብለው ግን አይሰማኝም።

ለተደለደለውም ለጥልቁም በረዶ የሚሆን መንሸራተቻ ስኪ ላኪልኝ፣ ስልሳ አምስት ኪሎ ነኝ ብለሽ ጻፍሽ። ሠላሳ ዓመት ስኪ ሳከራይ እንግዳው ሁሉ ኪሎውን ቀንሶ ነው የሚነግረኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አምስት እጨምርበታለሁ። ላንቺም እጄ ለምዶ ሰባ አልኩና ከቁመትሽ የሚበልጥ፣ ደንደን ያለ መረጥኩ። አባትሽማ "ተመስገን፣ ልጄ ወፍራለች" ብሎ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ።

ትናንት ፎቶሽ ደረሰ። ቀበቶሽ ወገብሽን ዞሮ ጫፉ ጀርባሽ ጋ ደርሷል።

እንግዳ ቀንሶ ይዋሻል፤ የኔ ልጅ ጨምራ ትዋሻለች። ደንዳና ስኪ ለቀላል ሰው አልታጠፍ እንደሚል እዚህ ሱቅ ውስጥ አድገሽ ይጠፋሻል? ያውም አንቺ ዛፍ ለዛፍ መሽሎክሎክ የምትወጂው። እናቴ እንዳትጨነቅ ብለሽ ግንድ ላይ ልትላተሚ ነበር። መክሳትሽን ለአባትሽ እስካሁን አልነገርኩትም።

ያንን ስኪ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። አገጭሽ ጋ የሚደርስ፣ ለስለስ ያለ ለይቼልሻለሁ፤ ግን አልልከውም። በደብዳቤ የመጣ ኪሎ ከእንግዲህ አላምንም።

ማዕድሽን ይባርክልሽ፤ የሚያጎርስሽ ሰው አያሳጣሽ። የሱቁን ሚዛን ወልውዬዋለሁ። ለፋሲካ ነይና ውጪበት። ምንም አልጨምርበትም።

እናትሽ ክሬሰንትዝ